ካንሰር ያልሆነ፣ ግንብ ግን የሚጥስ እባጭ



ሐኪም ጋራ ላይ ወጥቶ ሐረርን ቁልቁል የተመለከተ ሰው ሁለት ከተማ ያያል። አንደኛው አሚር ኑር በ16ኛው ምእተ ዓመት ባሠሩት የጁገል ግንብ ውስጥ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ጥንታዊው ከተማ ነው። ሁለተኛው ከግንቡ አልፎ የተስፋፋው አዲሱ ከተማ ነው። ከተማ ሲሰፋ ደስ ይላል። በሰው ጭንቅላት ውስጥ ግን የራሷ ግንብ ያላት አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። በእርሷ ላይ የሚበቅል እባጭ አንዳንዴ ግንቡን ሳይነካ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጥሶ ይወጣል። አንዱ ተቀምጦ ሌላው የሚጥሰው ለምንድን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ጋራው የሚጠራው በአው ሐኪም ስም ነው፤ ቃሉም በዐረብኛ ጠቢብ፣ በአማርኛ ደግሞ በሽታ የሚያክም ሰው ማለት ስለሆነ፣ ከዚህ ተነስቶ ስለ ሕክምና ማውራት አግባብ ሳይሆን አይቀርም።

የሽምብራ ፍሬ የምታህል አዛዥ

ዕጢዋ ፒቱታሪ ትባላለች። ከአፍንጫችን ጀርባ በስተጥልቀት፣ በአንጎላችን ሥር፣ የራስ ቅላችን አጥንት እንደ ኮርቻ የጎደጎደበት ሥፍራ አለ። የአካል ጥናት ሊቃውንት «የቱርክ ኮርቻ» ይሉታል። ዕጢዋ የተቀመጠችው እዚያ ላይ ነው። መጠኗ የሽምብራ ፍሬ ታህላለች፤ ክብደቷም ግማሽ ግራም ያህል ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ቁመት የሚጨምረው፣ እናት የምታጠባው ወተት የሚመነጨው፣ የወር አበባ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣው፣ ሰውነትም በሕመምና በጭንቅ ጊዜ የሚቋቋመው እርሷ ወደ ደም በምትለቃቸው ሆርሞኖች ትእዛዝ ነው።

የጥንቱ ሐኪም ጋለንና ተከታዮቹ ይህች ዕጢ የአንጎልን ቆሻሻ ወደ አፍንጫ የምታወርድ መስሏቸው ነበር። ስሟም «ንፍጥ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ግምታቸው ስህተት ቢሆንም የአፍንጫው ነገር ግን ከንቱ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1907 ኸርማን ሽሎፈር የተባለ ሐኪም በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ከተማ በአፍንጫ በኩል ገብቶ የዚህችን ዕጢ እባጭ ቀደደ። ዛሬም ዋናው የቀዶ ሕክምና መንገድ ይኸው ነው።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ዕጢ» ስንል ጤናማውን አካልም በሽታውንም መጥራታችን ነው። እዚህ ላይ እንዳያደናግር ጤናማውን «ዕጢ»፣ የበቀለበትን «እባጭ» እንላለን። ሳይንቲስቶች «ጂን» የሚሉት ነገርም አለ። ይህ ቃል ቁርኣን ከሚነግረን ጂን ጋር በድምፅ ተገጣጠመ እንጂ ምንም ዝምድና የለውም። ስለዚህ «ዘረ-መል» በሚለው እንጠቀማለን።

በየቤቱ የሚታየው ምልክት

እባጩ ራሱ ብርቅ አይደለም። በአስከሬንና በራስ ምስል ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከ6 ሰዎች አንዱ ያህል በፒቱታሪ ላይ ትንሽ እባጭ ይዞ ይኖራል፤ አብዛኛውም ሳያውቀው ይሞታል። ሕመም ሆኖ የሚገለጸው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነ የቤልጂየም የሊዬዥ አካባቢ ጥናት መሠረት፣ ከ1 ሺህ ሰው በአንዱ ገደማ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጨው ዓይነት ነው። ያገባች እህታችን ሳታረግዝና ሳታጠባ ከጡቷ ወተት ይፈሳል፤ የወር አበባዋ ይቋረጣል፤ ልጅም አይመጣም። በብዙ ቤት ውስጥ ጣት የሚቀሰረው በእርሷ ላይ ነው። «መካን» ትባላለች፤ ባልም ሌላ እንዲያገባ ወይም እንዲፈታት ይመከራል። ፕሮላክቲን በሌላ ምክንያትም፣ ለምሳሌ በአንዳንድ መድኃኒቶች፣ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። እባጭ ሆኖ ከተገኘ ግን ከአቻዎቹ ሁሉ ለኪኒን የሚገዛው እርሱ ነው። ካቤርጎሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን የተባለው መድኃኒት እባጩን ያሟሽሸዋል፤ ብዙ ሴቶችም ከዚያ በኋላ ይጸንሳሉ። አንድ የደም ምርመራ ሳይደረግ ትዳር መፍረሱ ያሳዝናል። ወንድንም ይይዛል፤ ወንዱ ግን የወር አበባ የመሰለ አስጠንቃቂ ስለሌለው ዘግይቶ ይመጣል። በመሆኑም በወንዶች ላይ እባጩ ብዙውን ጊዜ ትልቅና ግንቡን የጣሰ ሆኖ ይገኛል።

የእድገት ሆርሞን የሚያመነጨው ዓይነት በቀስታ ይሠራል። ቀለበት ከጣት አልወጣ ይላል፤ የጫማ ቁጥር ይጨምራል፤ መንጋጋ ይረዝማል፤ በጥርሶች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፅም ይጎረንናል። አብረው የሚኖሩ ሰዎች ለውጡን አያዩትም። ከዓመታት በኋላ ከሳዑዲ የተመለሰ ዘመድ «ፊትህ ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው የሚነቃው። የድሮ መታወቂያ ፎቶግራፍን ከአሁኑ ፊት ጋር ማስተያየት ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል ፊት ክብና ቀይ ሆኖ ክንድና እግር ሲቀጥን፣ ሆድም ላይ ሐምራዊ ሸንተረር ሲወጣ፣ ኮርቲዞልን የሚያስጨምረው እባጭ ሊጠረጠር ይገባል።

ምንም ሆርሞን የማያመነጭም አለ፤ እርሱ ራሱን የሚገልጠው በመጠኑ ነው። ከዕጢዋ በላይ የሁለቱ ዐይኖች ነርቮች ይተላለፋሉ። እባጩ ወደ ላይ ሲገፋቸው ሰው ፊት ለፊቱን እያየ ግራና ቀኝ ጎኑን ማየት ይሳነዋል። በጁገል ጠባብ መንገዶች ትከሻው ከሚያልፈው ሰው ጋር ይጋጫል፤ የበር መቃን ይመታዋል። አንዳንዱ ቤተሰብ ይህን የዐይን ሰው ወይም የሲሕር ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዱዓም ሩቅያም ከሐኪም ቤት አይከለክሉም፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዝዘዋል። በተለይ ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት ከማስታወክና ከዐይን መጨለም ጋር ከመጣ በእባጩ ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም።

ጣሽ ማለት ምን ማለት ነው?

እነዚህ እባጮች ከጥቂቶች በቀር ወደ ሌላ አካል አይሰራጩም። እንዲህ የሚያደርገው ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህም ለረጅም ዘመን «ገር» ሲባሉ ኖረዋል። ቃሉ ግን ያሳስታል። ከዕጢዋ ግራና ቀኝ ደም የሞላባቸው ሁለት ዋሻዎች አሉ። በውስጣቸው ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ዋና የደም ሥርና ዐይንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉ። ጣሽ የሚባለው እባጭ ወደ እነዚህ ዋሻዎች ወይም ወደ ታችኛው አጥንት ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 የቪየናው ቀዶ ሐኪም ኤንገልበርት ክኖስፕና ባልደረቦቹ እባጩ ወደ ዋሻው ምን ያህል እንደገባ በኤም አር አይ ምስል ላይ ከ0 እስከ 4 የሚለኩበትን ደረጃ አወጡ። በ4ኛው ደረጃ እባጩ የደም ሥሩን ዙሪያውን አቅፎታል። እንዲህ ያለውን ቀዶ ሐኪም ጠርጎ ሊያወጣው አይችልም፤ ቅሪት ይተዋል፤ ቅሪቱም ተመልሶ ያድጋል።

መጽሐፉ አንድ፣ ንባቡ ልዩ ልዩ

ሐረር ቁርኣን በእጅ ሲገለበጥባትና ሲጠረዝባት የኖረች ከተማ ስለሆነች ምሳሌያችንን ከዚያ እንውሰድ። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ያው አንድ መጽሐፍ አለ። 20 ሺህ ያህል ፕሮቲን የሚያሠሩ ዘረ-መሎች ተጽፈውበታል። የጉበት ሕዋስ የራሱን ምዕራፍ ከፍቶ ያነባል፤ የፒቱታሪ ሕዋስ ሌላውን። አንድ ዘረ-መል ሲነበብ አር ኤን ኤ የሚባል ቅጂ ይወጣለታል። ቅጂው ከበዛ ዘረ-መሉ ጮክ ብሎ እየተነበበ ነው፤ ካነሰ በሹክሹክታ ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎችም በቀዶ ሕክምና የወጡ ጣሽና ጣሽ ያልሆኑ እባጮችን ወስደው የሺህ ዘረ-መሎችን ቅጂ በአንድ ጊዜ እየቆጠሩ ያነጻጽራሉ።

ምን አገኙ? ግንብ በድንጋይና በጭቃ ነው የሚቆመው። በሕዋሶች መካከል ጭቃውን የሚሆነው ኢ-ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሕዋስን ከሕዋስ ያጣብቃል። በብዙ ጥናቶች በጣሽ እባጮች ውስጥ ይህ ፕሮቲን ቀንሶ ታይቷል። ጭቃው የላላ ድንጋይ ከቦታው ይንቀሳቀሳል። በአንጻሩ ኤም ኤም ፒ 9 የተባለው በብዙዎቹ ጨምሮ ተገኝቷል። ሥራው በሕዋሶች ዙሪያ ያለውን የኮላጅን መረብ መቁረጥ ነው። በጤናማ ሰውነት ቁስል ሲሽር የሚያስፈልግ መሣሪያ ነው፤ ያለ ቦታው ሲበዛ ግን ግንብ መቆፈሪያ ይሆናል። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1997 በሎስ አንጀለስ ሊን ፔይና ሽሎሞ ሜልመድ ያገኙት ፒ ቲ ቲ ጂ የተባለ ዘረ-መል ነው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የክሮሞሶሞችን መለያየት ይቆጣጠራል። ከሁለት ዓመት በኋላም ሆርሞን በሚያመነጩ እባጮች ላይ የዚህ ዘረ-መል መብዛት ከጣሽነት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ተገለጸ።

እዚህ ላይ አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባል። አንዱ ጥናት ያገኘውን ሌላው የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። የእድገት ሆርሞን የሚያመነጭ እባጭና ምንም የማያመነጭ እባጭ ከተለያየ የሕዋስ ዘር የመጡ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ ማወዳደር በርበሬን ከቡና ጋር እንደመመዘን ነው። ከዚህም በላይ በዕጢዋና በዋሻው መካከል ያለው ግድግዳ እጅግ ስስ ነው። እባጩ ያለፈው ኃይለኛ ስለሆነ ነው ወይስ ግድግዳው ስለሳሳ? ይህን የዘረ-መል ቆጠራ ብቻውን አይመልሰውም። ስለዚህ «በዘረ-መል ምርመራ እባጩ ነገ ምን እንደሚሆን እነግርሃለሁ» የሚል ሰው ከሳይንሱ ቀድሞ ሄዷል።

ይልቅስ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ቀለል ያለ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሊዮኗ ሐኪም ዣክሊን ትሩያስና ባልደረቦቿ 410 ሕሙማንን ለ8 ዓመታት በመከታተል ሁለት ነገሮችን አጣምረው ለኩ፤ እባጩ ጥሷል ወይ? ሕዋሶቹስ ይራባሉ ወይ? መራባቱ የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ሲሆን፣ ኬ አይ 67 የተባለው ምልክት አንዱ መለኪያ ነው። የጣሰም የሚራባም እባጭ ካልጣሰውና ከማይራባው ጋር ሲወዳደር የመግፋት ዕድሉ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የጣሰ ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ ጥሶም የሚራባው ነው የሚያስፈራው። እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካላቆመው ቴሞዞሎማይድ የተባለ የካንሰር መድኃኒት ይሰጥበታል።

በቤተሰብ ይወረሳል ወይ? አብዛኛው አይወረስም። በጥቂት ቤተሰቦች ግን ኤ አይ ፒ የተባለ ዘረ-መል ጉድለት ከወላጅ ይተላለፋል። ይህም እ.ኤ.አ. በ2006 በፊንላንድ ተደርሶበታል። በወጣትነት የሚጀምርና ትልቅ የሚሆን እባጭ ሲያጋጥም፣ በተለይ ሌላ ዘመድም ታሞ ከነበረ፣ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

ከሐረር እስከ አዲስ አበባ

ሕክምናው የግድ በትልቅ መሣሪያ አይጀምርም። ሐኪሙ ከታማሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንድ ዐይን አስሸፍኖ፣ ጣቱን ከጎን እያመጣ «መቼ አየኸው?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ የጎን እይታ መጥፋቱን ሊለይ ይችላል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች በሚሠለጥኑበት በሕይወት ፋናም ይሁን በሌላ ጤና ተቋም ይህን ማስመርመር ይቻላል። ወደ አዲስ አበባ መላክ ካስፈለገ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ቤተሰብም ወጪውን የሚያዋጣው ብዙ መክሮ ነው። ይሁንና ዘመኑ ተሻሽሏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ ቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። ከዚያ በፊት በመላው አገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ድኛለሁ» ብሎ መቅረት በተለይ ጣሽ እባጭ ለነበረው ሰው አደገኛ ነው። ኤም አር አይው ሐኪሙ ባለው ጊዜ ይደገማል፤ አዲሱ ምስል የሚነበበውም ከድሮው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ስለሆነም የምስሉን ሲዲና የናሙና ምርመራውን ወረቀት እንደ ቤት ካርታ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

በመጨረሻም ስለ ረመዳን። ዕጢዋ በእባጩ ወይም በቀዶው ተጎድታ ሃይድሮኮርቲዞን በየቀኑ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ የደም ግፊቱ ወርዶ ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል። ውኃ በሽንት የሚያልቅበት በሽታ የቀረበትም ሰው ከጥማት ጋር ቀኑን መዋል ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት ወሩ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ሱሑርና ወደ ኢፍጣር ሊዛወር ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ጾሙ ይጎዳሃል ከተባለ ለታማሚ የተሰጠው ፈቃድ ለእርሱም ነው፤ ቀዷ ያውጣ ወይስ ፊድያ ይክፈል የሚለውን ደግሞ ዑለማዎችን ይጠይቅ። ጾሞ እያለ ማዞር፣ ማስታወክ ወይም መዝለፍለፍ ከጀመረው መግሪብን አይጠብቅ፤ ወዲያው አፍጥሮ መድኃኒቱን ይውሰድና ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ወሏሁ አዕለም።