ነጥቡ ጠፋ ማለት በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም
የጨው ውሃ ዓሣ በቤታቸው ለሚያሳድጉ ወገኖች

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምናነሳው ስለ ኢሚግሬሽን፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ነው። ዛሬ ግን ስለ ዓሣ በሽታ እናወራለን። አይግረማችሁ። በክላርክስተንና በዲኬተር አካባቢ ሳሎናቸው ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያቆሙ ወገኖች አሉ፤ ይህ ጸሐፊም አንዱ ነው። በደረሰብን ነገር ሌላው እንዲማርበት ብለን ጉዳዩን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አባቴ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ ስለነበር ልጅነቴን ያሳለፍኩት ባሕር አጠገብ ነው። እዚህ አትላንታ ከመጣሁ በኋላ ባሕር ለማየት አራትና አምስት ሰዓት መንዳት ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ 75 ጋሎን የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገዛሁና ትንሿን ባሕር ቤቴ አስገባኋት። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ሁለት ክላውን ፊሽ (ልጆች “ኒሞ” የሚሉት)፣ ሌሎች ሁለት ትናንሽ ዓሦች፣ ጥቂት ኮራልና ቀንድ አውጣዎች ነበሩኝ። ጣጣው የመጣው አምስተኛውን ዓሣ የገዛሁ ዕለት ነው።

ዓሣው ፐርፕል ታንግ ይባላል፤ ሰውነቱ ሐምራዊ፣ ጭራው ቢጫ ነው። አገሩ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ሻጩ “ከቀይ ባሕር የመጣ ነው” ሲለኝ ልቤ ራደ። የአገሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ዋጋውን እንኳ ሳልከራከር ከ200 ዶላር በላይ ከፈልኩና በላስቲክ ይዤው ገባሁ። በዚያው ምሽት ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት። ስህተቱ ይኸው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ልጄ “አባዬ፣ ዓሣው ላይ ጨው ተነስንሷል” አለችኝ። እውነትም በክንፉና በጎኑ ላይ የጨው ቅንጣት የመሳሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ነበሩበት። ድንጋይ ላይ ሰውነቱን ያሻል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። እኔም እንደ አገራችን ልማድ በነጭ ሽንኩርት ጀመርኩ፤ ምግቡን በጭማቂው ነክሬ አበላሁት። “ለኮራል የማይጎዳ” ተብሎ የተጻፈበት መድኃኒትም ገዝቼ አፈሰስኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ነጥቡ በሙሉ ጠፋ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ለብዙ ዓመታት የጨው ውሃ ዓሣ ያሳደጉ፣ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ ታላቅ ወንድማችን አሉ። የምሥራቹን ልነግራቸው ደወልኩ።

“ጋሼ፣ ዓሣው ዳነልኝ!” አልኳቸው።

“መድኃኒቱ ነው ያዳነው ወይስ ነጥቡ በራሱ ረገፈ?” አሉኝ።

“ኧረ አንድም ነጥብ የለበትም፤ መጥተው ይዩት።”

“እንግዲያው አሁን ነው መፍራት ያለብህ። ከዓሣው ላይ የወረደው አሸዋህ ውስጥ ነው ያለው። ዛሬውኑ ዓሦቹን አውጣ።”

አልሰማኋቸውም። በሳምንቱ ታንጉ ብቻ ሳይሆን አምስቱም ዓሦች በነጥብ ተሸፈኑ። ታንጉ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሌሎቹ ሁለትም ተከተሉት። የተረፉት ክላውን ፊሾቹ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ እንዴት ነው?

ይህን በሽታ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባል በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተውሳክ ነው። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ሲካማ የተባለ ሊቅ ገልጾታል፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ደግሞ በ1951 ነው። ዓሣ አሳዳጊዎች በተለምዶ “ኢክ” ይሉታል።

ተውሳኩ ኑሮውን በየደረጃው ይከፋፍላል። መጀመሪያ ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይመገባል። እኛ ነጭ ነጥብ የምንለው ያኔ ነው። ሲጠግብ ብዙውን ጊዜ በጨለማ ከዓሣው ይወርድና አሸዋ ወይም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ በጠንካራ ሽፋን ራሱን ይሸፍናል። እዚያ ውስጥ ሆኖ ይከፋፈላል፤ ከአንዱ ከ200 በላይ ሊወጣ ይችላል። ብዙዎቹ ከሦስት ቀን እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ፤ አንዳንዱ ግን በላቦራቶሪ እስከ 72 ቀን ቆይቶ ሲፈለፈል ታይቷል። የተፈለፈሉት እየዋኙ ዓሣ ይፈልጋሉ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካላገኙ ይሞታሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ነጥቡ የጠፋው መድኃኒቴ ስለሠራ ወይም ነጭ ሽንኩርቱ ስለረዳ አልነበረም። ተውሳኩ ጠግቦ ስለወረደ ነው። እኔ ዳነ ብዬ ስደሰት እርሱ አሸዋዬ ውስጥ ይራባ ነበር። የአገራችን ሰው ይህን ከወባ ያውቀዋል፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ድኛለሁ ብሎ ኪኒኑን የሚተው ሰው ወባዋ ተመልሳ ትጥለዋለች።

በሰፊው ባሕር ውስጥ ይህ ተውሳክ ዓሣን የሚፈጀው ከስንት አንዴ ነው። ዓሣው ሌሊት ካደረበት ጠዋት ይሄዳል፤ የተፈለፈሉትም ብዙዎቹ ሳያገኙት ይሞታሉ። ሳሎናችን ውስጥ ባለው 75 ጋሎን ውሃ ግን ዓሣው የት ይሄዳል? ታስሮ የሚጠብቅ ነው።

መድኃኒቱ ለምን አይቸኩልም?

ተውሳኩ ቆዳ ሥር ሳለ ቆዳው ይሸሽገዋል። አሸዋ ላይ ሳለ ሽፋኑ ይጠብቀዋል። መድኃኒት የሚያገኘው እየዋኘ ባለበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈውሱ ሳምንታት ይፈጃል እንጂ በአንድ ጠርሙስ አያልቅም። የሚያጸዱ ሽሪምፖችም ቢሆኑ ቆዳ ሥር የገባውን አያወጡም። የአልትራቫዮሌት መብራት ቁጥሩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

የታወቀው መድኃኒት መዳብ ነው። ይሁንና መዳብ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል፤ ድንጋዩና አሸዋውም ይመጡታል። ስለዚህ ዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም። ዓሦቹ ወደ ሌላ ባዶ ገንዳ ወጥተው እዚያ ይታከማሉ። መጠኑም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ዓይነት መዳብ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ሲበቃው፣ ሌላው ዓይነት ወደ 2 ሚሊግራም ገደማ ይፈልጋል። የአንዱን ልክ ለሌላው ያደረገ ሰው ወይ ዓሣውን ይገድላል ወይ በሽታውን አይነካውም። የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብና በየቀኑ መለካት የግድ ነው።

መዳብ የማይፈልግ ሰው ሌላ ዘዴ አለው። ዓሣውን በየሦስት ቀኑ ወደታጠበና ወደደረቀ ገንዳ አዲስ ውሃ ውስጥ ማዛወር ነው። አራት ጊዜ ከተዛወረ ከዓሣው የሚወርደው ተውሳክ ሁሉ ሳይፈለፈል በኋላ ይቀራል። ድካም አለው፣ ወጪው ግን ጥቂት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ነጥቡ የጨው ቅንጣት ሳይሆን እንደ ሽሮ ዱቄት የደቀቀና ወርቅማ ከሆነ፣ ዓሣውም በኃይል የሚያለከልክ ከሆነ፣ በሽታው “ቬልቬት” የሚባለው ሊሆን ይችላል። ይህኛው መተንፈሻ ስንጥቡን ስለሚያጠቃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈጃል። ያኔ ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ ዓሣው በዚያው ዕለት ወጥቶ መዳብ መጀመር አለበት።

ትልልቆቹም ተቸግረዋል

ይህ ችግር የእኛ የጀማሪዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዳውንታውን ያለው ጆርጂያ አኳሪየም በኅዳር 2005 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የዓለም ትልቁ ነበር። የሆም ዲፖ መሥራች የነበሩት በርኒ ማርከስ 250 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው ያሠሩት ነው። ከ6 ሚሊዮን ጋሎን በላይ በሚይዘው ገንዳው ውስጥ ራልፍና ኖርተን የተባሉ፣ ከታይዋን በአውሮፕላን የመጡ ሁለት ዌል ሻርኮች ነበሩ። ዌል ሻርክ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው።

የገንዳው ተውሳክ እንዲጠፋ ተብሎ ውሃው በኬሚካል ታከመ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ምግብ እምቢ አሉ። ራልፍ በጥር 2007፣ ኖርተን በሰኔ 2007 ሞቱ። የአኳሪየሙ ኃላፊዎች ለምግብ ፍላጎታቸው መጥፋት ኬሚካሉ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ገልጸው መጠቀሙን አቆሙ። ሐኪም፣ ላቦራቶሪና ገንዘብ ያለው ቤት እንኳ ዓሦቹ ባሉበት ዋና ገንዳ ውስጥ መድኃኒት ማፍሰስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ ተምሯል። ይህ ጸሐፊ ደግሞ ስሙን በቅጡ ያላነበበውን ጠርሙስ ሲያፈስ አላመነታም ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሏል ይህ ነው።

76 ቀን

ሦስት ዓሦች ከሞቱ በኋላ ጋሼን ዳግም ደወልኩላቸው። አልወቀሱኝም። በማግሥቱ 20 ጋሎን የሚይዝ አሮጌ ገንዳቸውን መኪናቸው ላይ ጭነው መጡ። ማሞቂያ፣ የስፖንጅ ማጣሪያና ለመደበቂያ የሚሆን የተቆራረጠ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባንበት። አሸዋም ድንጋይም አላደረግንም፤ መድኃኒቱን እንዳይመጥ። ሁለቱን ክላውን ፊሾች እዚያ አስገብተን መዳብ ጀመርን።

ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ ቀረ። ኮራሉና ቀንድ አውጣዎቹ እዚያው ቆዩ፤ ተውሳኩ እነርሱን አይበላምና። ዓሣ ያጣው ተውሳክ እንደተፈለፈለ ይሞታል። ያ የ72 ቀን ውጤት ስላለ ዓሣ አሳዳጊዎች ጥቂት ቀን ጨምረው 76 ቀን ይጠብቃሉ። የሚቆጠረው የመጨረሻው ዓሣ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ነው። መረብ፣ ባልዲና እርጥብ እጅ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው መሻገር የለባቸውም፤ አንድ ጠብታ ውሃ የወሩን ልፋት ያበላሻልና።

ልጄ ቀኑን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ታሰምር ነበር። በአርባኛው ቀን ገደማ “ይበቃል፣ ድነዋል እኮ” አለችኝ። እውነት ለመናገር እኔም አስቤው ነበር። ግን ታንጉ ትዝ አለኝ። በሰባ ሰባተኛው ቀን ሁለቱን ወደ ባሕራቸው መለስናቸው። ወራት አልፈዋል፤ አንድም ነጥብ አላየንም።

አሁን አዲስ የሚመጣ ዓሣ ሁሉ ቢያንስ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆያል። አዲስ ኮራልና ቀንድ አውጣም ቢሆን ዓሣ በሌለበት ገንዳ ይቆያል፤ በድንጋዩና በዛጎሉ ላይ ተጣብቆ የሚመጣ አለና። በ2020 በኮሮና ጊዜ ለይቶ ማቆያ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ገንዳው፣ ማሞቂያውና ማጣሪያው በአንድ ላይ ከዚያ ከሞተው ዓሣ ዋጋ ያነሰ ነው።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይላል የአገራችን ሰው። የጨው ውሃ ዓሣ የምታሳድጉ ወገኖች ሆይ፣ ነጥብ ስታዩ አትደንግጡ፤ ነጥቡ ሲጠፋ ግን አትደሰቱ። ዓሦቹን ለዩ፣ በትክክለኛው መጠን አክሙ፣ ቀኑን ቁጠሩ። ያንን ቀይ ባሕር የመጣ ዓሣ የገደለው ተውሳኩ ብቻ አይደለም። የእኔ መቸኮልም አለበት።