የተያዙ ቃላትና የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት፣ በዓፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ መሠራቱ ይታወቃል። እንዲህ ያሉ ቅርሶችን ለመመዝገብ በጃቫ ቋንቋ አነስተኛ ፕሮግራም እንጻፍ እንበል። ለእያንዳንዱ ቅርስ ስም፣ ክብደት፣ የተሠራበት ዓመትና ምድብ የሚይዙ ፊልዶች ያስፈልጉናል። የምድቡን ፊልድ በላቲን ፊደል «ክላስ» ብለን ብንሰይመው ግን ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን አይቀበልም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኮምፓይለር ጽሑፋችንን የሚያነበው በደረጃ ነው። በመጀመሪያ የፊደላቱን ተርታ ወደ ቃላት ይከፋፍላል፤ እያንዳንዱንም ቃል ቋንቋው ለራሱ ከያዛቸው ቃላት ዝርዝር ጋር ያስተያያል። ቃሉ በዝርዝሩ ከተገኘ ቁልፍ ቃል፣ ካልተገኘ ስም ይሆናል። «ክላስ» በዝርዝሩ ስላለ፣ ቀጣዩ ደረጃ ስም በሚጠብቅበት ቦታ ቁልፍ ቃል ያገኛል፤ ሥራውም በስህተት ይቆማል።

ማስጠንቀቂያ ከስህተት ይለያል፤ ፕሮግራሙ ይተረጎማል፣ ነገር ግን የሚመጣው ችግር ይነገረናል። ለምሳሌ «ኢነም» እስከ ጃቫ 1.4 ድረስ ነፃ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጃቫ 5 ግን ለራሱ ያዘው። የጃቫ 5 ኮምፓይለር በ1.4 ደንብ እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ ይህን ስም የያዘውን ፕሮግራም ተቀብሎ ቃሉ በአዲሱ እትም የተያዘ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ችላ ያለ ሰው ወደ አዲሱ ደንብ ሲሸጋገር ፕሮግራሙ አይተረጎምለትም። እንደዚሁም «ክላስ» በሲ ቋንቋ ነፃ ሲሆን በሲ ፕላስ ፕላስ የተያዘ ነው።

መፍትሔው ስሙን መለወጥ ነው። የእኛ ፊደልም ሌላ መንገድ ይከፍታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ጃቫም ሆነ ፓይተን 3 «ምድብ» የሚለውን ስም ይቀበላሉ። የእነዚህ ቋንቋዎች የተያዙ ቃላት በላቲን ፊደል ስለሆኑ በግዕዝ የተጻፈ ስም፣ «ክላስ» እንኳ ቢሆን፣ ከእነርሱ ጋር አይጋጭም።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያሻል። «ዓመት» እና «አመት» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሁለት ስሞች ናቸው። በ«ዓመት» የተመዘገበውን ቁጥር በ«አመት» ብናርመው፣ ጃቫ ያልታወቀ ስም መሆኑን ገልጾ ያስቆመናል፤ ፓይተን ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ ፊልድ ፈጥሮ በዝምታ ያልፋል። እርማታችን የገባ ይመስለናል፤ የመድፉ ዓመት ግን እንደተሳሳተ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ መርጠን እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት ይገባናል።