አዎንታና አሉታ

አዎንታና አሉታ በሰዋስውም ሆነ በሥነ አመክንዮ አንድ ነገር መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚገልጹ ሁለት የዓረፍተ ነገር ዓይነቶች ናቸው። «ዝናብ ዘነበ» አዎንታዊ፣ «ዝናብ አልዘነበም» ደግሞ አሉታዊ ነው።

በአማርኛ የኃላፊ ጊዜ ግሥ አሉታ የሚሆነው ከፊቱ «አል-»፣ ከኋላው «-ም» ሲጨመርበት ነው። ግሡ በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ከገባ ግን «-ም» ይቀራል፦ «ያልመጣ»፣ «ካልመጣ»። «ነው» እና «አለ» ከዚህ ደንብ ውጪ ናቸው፤ አሉታቸው «አይደለም» እና «የለም» ነው።

በሥነ አመክንዮ አሉታ እውነቱን ሐሰት፣ ሐሰቱን እውነት ያደርጋል። በኮምፒውተር ውስጥም «ኖት» የሚባለው በር 1ን ወደ 0፣ 0ን ወደ 1 ይለውጣል።

አስቸጋሪው ነገር አሉታው የትኛውን ቃል እንደሚነካ ማወቅ ነው። «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ሲባል አንዱ አድማጭ «ማንም አልመጣም»፣ ሌላው «የቀሩ አሉ» ብሎ ይረዳል። በውል ወይም በፈተና ጥያቄ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «ሁሉም ተማሪዎች መጡ» የሚለው ትክክለኛ አሉታ ሁለተኛው ነው፤ ሐሰት ለማድረግ የአንድ ተማሪ መቅረት ይበቃልና። የመጀመሪያውን ሐሳብ ያለ ጥርጥር ለመግለጽ «አንድም ተማሪ አልመጣም» ማለት ይሻላል።

ሁለት አሉታዎች ሲገናኙ ይጣፋሉ፤ «ይህን የማያውቅ የለም» ማለት ሁሉም ያውቀዋል ማለት ነው። አሉታ ከተቃራኒ ቃል ጋር ግን አንድ አይደለም። «አልጠላውም» ያለ ሰው «እወደዋለሁ» አላለም፤ በሁለቱ መካከል ግድ የለሽነትም አለ።