ለማን ነው?

አበባ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋ ነው። ቀጥሎ «ብዙ ቀን የሚቆየው የትኛው ነው?» ይለኛል። እኔ ሁለቱንም ከመመለሴ በፊት «ለማን ነው?» እላለሁ። በችግኝ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይህችን ጥያቄ መጠየቅ የጀመርኩት ግን ዘግይቼ ነው። ለማን እንደሚሄድ ሳላውቅ አስሬ የሸኘሁት አበባ ብዙ ነው፤ ሳስበው ይቆጨኛል።

አምና አንድ ወጣት ለሴት አያቱ ሰማንያኛ ዓመት ልደት አበባ ፈልጎ መጣ። ቢጫ ጽጌረዳ ሳሳየው ስልኩን አውጥቶ ፈለገና «ቢጫ እኮ የቅናት ምልክት ነው ይላል» አለኝ። አያቱ የት እንዳደጉ ጠየቅሁት። ሰላሌ ነው አለኝ። «እንግዲያው ለእሳቸው ቢጫ ማለት መስከረም ነው» አልኩት። ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ጉም ሲያይ የከረመ ሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ሜዳውን አደይ ሞልቶት ሲያገኘው የሚሰማው ነገር በየትኛውም የቀለም ሰንጠረዥ ላይ አልተጻፈም። ልጁ ቢጫውን ይዞ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣና አያቱ እቅፉን ገና ከሩቅ ሲያዩት «አደይ መስሎኝ!» ማለታቸውን ነገረኝ።

አበባ መስጠት ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ፣ ለምለም ሣርና አደይ ይዘው በር ሲያንኳኩ፣ ወንዶቹ የሣሉትን አበባ ይዘው ሲዞሩ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይላል? የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አደይ ዘሩን ጥሎ የሚሞት የአንድ ዓመት ተክል ነው። ሳያፈራ ከነሥሩ ተነቅሎ ተጠቅልሎ ሲሸጥ የሚቀጥለው ዓመት አደይም አብሮት ተነቀለ ማለት ነው። ግቢ ያላቸውን ደንበኞቼን ለበዓሉ የሚፈልጉትን በመቀስ ቆርጠው የቀረው ቆሞ እንዲያፈራ እንዲተዉት፣ ሲደርቅ ዘሩን ለቅመው በሰኔ መጀመሪያ እንዲበትኑት እለምናለሁ። አንዲት እናት ይህን ካደረጉ ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች አደይ የሚቆርጡት ከእሳቸው ግቢ ሆኗል።

ወደ «ብዙ ቀን የሚቆየው» ልመለስ። ከዝዋይ፣ ከሆለታና ከሰበታ ወደ ኔዘርላንድ የሚጫነው ጽጌረዳ የተመረጠው ጉዞና ቅዝቃዜ እንዲችል፣ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥም እንዲቆይ ነው። ይችላልም፤ ይቆያልም። ነገር ግን ለእርሻ የሚዳቀሉት ዝርያዎች ዕድሜ ሲጨመርላቸው ሽታቸው አብዛኛውን ጊዜ ቀንሷል። አፍንጫን ወደ አበባው ሰዶ ባዶ ማግኘት ለእኔ አንድ ነገር ያጎድላል። በየአጥሩ የምናያት ቀጋ የዚሁ የጽጌረዳ ወገን ናት፤ ነጭ አበባዋ ቶሎ ይረግፋል፣ ሽታዋ ግን መንገደኛ ያስቆማል።

ሆስፒታል ለተኛ ሰው ብርቱካንና ሙዝ ይዞ መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው። አሁን አሁን አበባ የሚጨምሩ በዝተዋል። አክስቴ ታማ በተኛች ጊዜ እኔም ካርኔሽን አስሬ ወሰድኩና አልጋዋ አጠገብ ካለችው ትንሽ ኮሞዲኖ ላይ፣ ከሙዙ ጎን አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቀን ስመለስ አበባዎቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው አገኘኋቸው። አክስቴ ፊቷን አዙራ «እሱም እንደ እኔ ከሳ» አለችኝ። ሙዝ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ካርኔሽን ደግሞ ይህን ጋዝ ጨርሶ አይችልም። ሥራዬ ሆኖ ሳለ ሳላስብበት ቀረሁ። ዛሬ ለበሽተኛ የሚገዛ ሰው ሲመጣ አበባውና ፍራፍሬው በአንድ ላይ እንዳይቀመጡ ሳልነግረው አልሸኝም። ከግቢው ቆርጦ የሚወስድ ከሆነም ፀሐይ ሳይበረታ በስለታም ቢላ በሰያፍ እንዲቆርጥ፣ ወዲያው ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንዲያቆመው፣ ውሃ የሚነካውን ቅጠል እንዲያራግፍ፣ አስታማሚዋ በሁለት ቀን አንዴ ውሃውን እንድትለውጥ እነግረዋለሁ። ለጤነኛ ሰው የጠወለገ አበባ የጠወለገ አበባ ነው። ለታመመ ሰው ግን እንደዚያ አይደለም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ አንዲት ሴት ዝናብ እያካፋባቸው መጡ። «ወንድሜ፣ አንድ ጽጌረዳ ከነሥሩ ነቅለህ ታዛውርልኛለህ?» አሉኝ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ቶሎ አልመለሱልኝም። ተወልደው ያደጉበት ሰፈር ሊፈርስ ሳምንት ቀርቶታል። ጽጌረዳውን የተከሉት እናታቸው ናቸው፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

አብሬያቸው ሄድኩ። ተክሉ የማድ ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ እናትየው የዕቃ እጣቢውን ሲያፈሱበት የኖሩት ቦታ። ግንዱ የእጅ አንጓ ያህላል፣ ሥሩ ከቤቱ የድንጋይ መሠረት ሥር ገብቷል። አበባው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ድርብርብ፣ ከዝናቡ ብዛት አንገቱን የደፋ፣ በዚያ ሁሉ ርጥበት ውስጥ እንኳ ሽታው ግቢውን የሞላ። የዝርያውን ስም አላውቅም። መንቀሉ እንደሚገድለው ነገርኳቸውና ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ተስማማን።

የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን፣ ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ፣ ሦስት አራት አንጓ ያላቸውን መረጥኩ። ከታች ከአንጓው ሥር በሰያፍ እየቆረጥኩ፣ የታችኛውን ቅጠል እያነሣሁ፣ በርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኳቸው። ሠላሳ ስድስት ነበሩ። ግማሽ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ ብስባሽ በሞላሁበት ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ተክዬ፣ በላያቸው የተቆረጠ ሃይላንድ ደፍቼ ጥላ ሥር አኖርኳቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በበጋ ሃይላንዱ ርጥበት ስለሚይዝ ያድናል፤ በሐምሌ ግን በየቀኑ ከፍቼ አየር ማስገባት ነበረብኝ። ሌላ ሥራ ተደራርቦብኝ ለቀናት ሳልከፍተው ቆየሁ። ሻጋታ ገባበትና አብዛኛው ጠቁሮ አገኘሁት። እናት ተክሉ በዚያን ጊዜ ቤቱ ፈርሶ የለም። በሕይወት የተረፉት ዘጠኝ ነበሩ። ስልክ ደውዬ እስክነግራቸው ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ሴትዮዋ ዝም አሉ። ከዚያ «ዘጠኝ? እኛ አምስት ወንድምና እህት ነን። አራቱ ለጎረቤቶቻችን ይሆናል» አሉኝ።

እነዚያ ጎረቤቶች ዛሬ በከተማው አራት ማዕዘን በተለያየ ኮንዶሚኒየም ነው ያሉት። ችግኞቹ ሥር ሰደው፣ አዲስ ቅጠል አውጥተው፣ ለእናትየው ሙት ዓመት ደረሱ። ለዝክሩ የተሰበሰቡት ሰዎች ሲወጡ እያንዳንዳቸው አንድ ማሰሮ ይዘው ወጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ይሻልና የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የበረንዳቸው ጫፍ የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። አንዲት ጎረቤት ማሰሮውን እንደ ሕፃን በነጠላቸው ሸፍነው ታክሲ ውስጥ ገቡ።

የሴትዮዋ አንዱ ወንድም የሚኖረው አሜሪካ ነው። አፈርና ተክል እንዲሁ ተይዞ ድንበር አይሻገርም፤ ስለዚህ የእሱ ድርሻ እኔ ዘንድ ቀረ። ማሰሮው ላይ እህቱ በማርከር «የታናሽ ወንድሜ» ብለው ጽፈውበታል። ባለፈው መስከረም መጀመሪያ የፈካው የእሱ ነው። እህቱ መጥተው በቪዲዮ ደወሉለትና ስልኩን አበባው ላይ ደቀኑት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየና «ይሸታል?» አላቸው።

ጎንበስ ብለው አሸተቱና «የማድ ቤቱን በር ይሸታል» አሉት።