ታራሚው ይዞት የሚገባው ሐሳብ

እስር ቤት ነው፤ የምሳ ሰልፍ። አንዱ የሌላውን ትከሻ ገጭቶ ያልፋል። የተገጨው «ቦታው ጠብቦት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «ናቀኝ፤ ዛሬ ዝም ካልኩት ነገ ማንም ይረግጠኛል» ካለ ግን ሳህኑ ይወረወራል። የዲሲፕሊን መዝገቡ ድብድቡን ይጽፋል፤ በመሀል ብልጭ ያለችውን ሐሳብ አይጽፍም።

አሜሪካ ውስጥ ይህችን ሐሳብ መከታተል ከተጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሳሙኤል ዮቸልሰን በ1961 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተኑ ሴንት ኤልዛቤትስ ሆስፒታል ጥናት ጀመረ፤ ኋላም ስታንተን ሳሜናው ተቀላቀለው። ወንጀል የሚመነጨው ከተጣመመ አስተሳሰብ ነው አሉ። ወንጀል ካልሠሩ ሰዎች ጋር ስላላነጻጸሩ ግን ብዙ ተተችተዋል። በፌዴራል እስር ቤቶች የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ግሌን ዋልተርስ ደግሞ 80 ጥያቄ ያለው መመዘኛ አዘጋጀ። «እዚህ ያደረሱኝ እነሱ ናቸው»፣ «ይገባኛል»፣ «እኔን ማንም አይዘኝም» የሚሉ ዝንባሌዎችን ይለካል፤ አስቦበት የሚያጠፋውንም በስሜት ከሚገነፍለው ይለያል።

ታዲያ የመመዘኛው ነጥብ እስር ቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥፋትን ይተነብያል? አዎ፣ ግን በመጠኑ። ዕድሜና የቀድሞ የጥፋት ታሪክም ብዙ ይናገራሉ፤ ወጣቱ ይበልጥ ያጠፋል። ስለዚህ ነጥቡ የሥልጠና ክፍል ማስከፈቻ እንጂ ለብቻ ማሰሪያ ሰበብ ሊሆን አይገባም እላለሁ።

የእስረኛው ጠባይ ከየት ይመጣል የሚለው ክርክር ከመመዘኛው ይቀድማል። የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ግሬሻም ሳይክስ በኒው ጀርሲ የትሬንተንን እስር ቤት አጥንቶ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነፃነትንና ደኅንነትን መነፈግ ራሱ የእስረኛውን ጠባይ እንደሚቀርጽ አሳየ። ሌሎቹ የሶሺዮሎጂ ባለሙያዎች ኧርዊንና ክሬሲ በ1962 እ.ኤ.አ. መልሰው፣ እስረኛው ጠባዩን ከውጭ ይዞት ይገባል አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። «ዝም ካልኩ ይረግጡኛል» የሚለው ሐሳብ መንገድ ላይ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ጠባቂ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ግን አንዳንዴ እውነት ነው። ዝም ያለው ሰው ምግቡን ይቀማል፤ አልጋውንም ያጣል።

ሐሳብን ቆም ብሎ መመርመርን የሚያስተምሩ ሥልጠናዎች አሉ። ተሳታፊዎቹ ያንን የትከሻ ግጭት እየተወኑ ሌላ መልስ ይለማመዳሉ፤ ይህን መሰሉ ትምህርት የውስጥ ጥፋትን እንደሚቀንስም ጥናቶች አሳይተዋል። ልምምዱ ሲያበቃ ግን ሰውየው የሚመለሰው ወደዚያው ሰልፍ ነው። ሳህኑን ይዞ ዝም ሲል ምግቡን እንዳይቀማ፣ ጠባቂው እዚያው አጠገቡ መቆም አለበት።