የድኻው ኑሮ በመዝገብ ሲያዝ
በጌዴኦ የጤና መድንና የቤተሰብ ማኅደር ስላላቸው ጥቅም

ዲላ የቡና ንግድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጣ የጌዴኦን ቡና ወደ ዓለም ገበያ ስትሸኝ ኖራለች። ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ለባላገሩ ገንዘብ የሚገባው በቡና ለቀማ ወራት ነው፤ በሽታ ግን ወራት አይጠብቅም። እጅ በሚያጥርበት በክረምት የታመመ ገበሬ ወይ ሕመሙን ችሎ ይከርማል፤ ወይም ለመታከሚያ ተበድሮ ገና ያልደረሰ ቡናውን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

ስለዚህ የድኻን ሕመም ለማዳን የሰውነቱን ትኩሳት መለካት ብቻ አይበቃም፤ ኑሮውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በተቅማጥ የታመመ ሕፃን ታክሞ ከዳነ በኋላ ያንኑ ያልተጣራ ውሃ ለመጠጣት ከተመለሰ፥ የመድኃኒቱ ጥቅም የጥቂት ቀን ብቻ ይሆናል።

ይህን ዕውቀት የሚሰበስብ ሥራ በአገራችን ተጀምሯል። በ1995 ዓ.ም. በተቋቋመው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት፥ የሠለጠኑ ሴቶች በየቀበሌው ተመድበው ቤት ለቤት ይዞራሉ። በጤና ኬላውም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማኅደር ይቀመጣል። በዚህ ማኅደር የቤተሰቡ አባላት ቍጥር፥ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፥ መጸዳጃ ቤት መኖር አለመኖሩ፥ የእናቶች እርግዝናና የሕፃናት ክትባት ይጻፋል።

ሁለተኛው ሥራ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው፥ ኋላም በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። አባል የሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ በታመመም ጊዜ በካርዱ ይታከማል። መክፈል የማይችለውን እጅግ ድኻ ግን የቀበሌው ሕዝብ መርጦ ያቀርበዋል፤ መዋጮውንም መንግሥት ይከፍልለታል። የጎረቤቱን ጓዳ ከጎረቤት ይበልጥ የሚያውቅ የለምና አሠራሩ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ዝርዝር እንደ ሰው ያረጃል። በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከምዕራብ ጉጂ ወደ ጌዴኦ ተፈናቅሎ ነበር። ትናንት ባለ ቡናና ባለ እንሰት የነበረ ቤተሰብ በአንድ ወር ውስጥ ባዶ እጁን ቀረ። እንዲህ ያለው ሰው በአሮጌው መዝገብ «መክፈል የሚችል» ተብሎ ከቀጠለ፥ የሕክምናው በር በእርሱ ላይ ተዘጋ ማለት ነው። ባሏ የሞተባት ሴትና ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌም እንደዚሁ ናቸው። ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን በየዓመቱ ሳያመሳክር ቢነግድ እንደሚከስር፥ የድኾች ዝርዝርም በየዓመቱ ካልታደሰ ኪሳራው የሰው ሕይወት ይሆናል። እርግጥ ነው፥ በማኅደሩ የተጻፈው የቤተሰብ ምሥጢር ነውና ከጤና ሥራ ውጭ ለማንም ሊገለጥ አይገባም።

በዚህ ረገድ የንግዱ ማኅበረሰብ ድርሻ ቀላል አይደለም። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ነጋዴዎች ገበሬው ገንዘብ የሚጨብጥበትን ወቅት ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። የመዋጮው መሰብሰቢያ ከዚሁ ወቅት ጋር እንዲገጥም ቢመክሩ፥ ቡና በሚለቅሙና በሚያበጥሩ የቀን ሠራተኞቻቸው መካከል ያለ ካርድ የቀረው ማን እንደሆነ ጠይቀው ቢረዱና ወደ ቀበሌው ሄዶ እንዲመዘገብ ቢያግዙት፥ ለሕዝቡ ታላቅ ውለታ ይሆናል። ጤናማ ለቃሚ ከሌለ ቀዩ ፍሬ በዛፉ ላይ ደርቆ መቅረቱን የዲላ ነጋዴ አይስተውም።