የተፈረደበት ሰው ድምፅ በየት በኩል ይመለሳል?

ከባሕር ዳሩ ሰባታሚት ማረሚያ ቤት በር የሚወጣ ሁሉ እኩል ነጻ አይወጣም። አንዱ ፍርዱን ጨርሶ፣ ሌላው በአመክሮ፣ ሦስተኛው በይቅርታ ወይም በምሕረት ይወጣል። ምርጫ ሲመጣ ልዩነቱ ይታያል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ዜጋ የመምረጥ መብት ሰጥቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 123 ዳኛው ከእሥራቱ ሌላ ይህንኑ መብት እንዲሽር ይፈቅድለታል። ሽረቱ ጊዜያዊ ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ የሚቆጠረውም እሥራቱ ካለቀ በኋላ ነው። ቤቱ ገብቶም ቅጣቱ አልለቀቀውም ማለት ነው።

ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አይፍቅም። ምሕረት ግን ጥፋተኛነቱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርገዋል፤ በሐምሌ 2010 የወጣው አዋጅ ይህን ዓይነቱን ነበር የሰጠው። ይቅርታ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ብርቱካን ሚደቅሳ ያውቁታል። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ከተቃዋሚው ቅንጅት ፓርቲ መሪዎች ጋር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ መምረጥና መመረጥም ተከለከሉ። በዚያው ሳምንት በይቅርታ ወጡ፣ በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶ ተመልሰው ገቡ፣ በመስከረም 2003 ተፈቱ። በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ! ሰኔ 14 ቀን 2013 የባሕር ዳር ሕዝብ የተሰለፈው መምረጥ ተከልክለው የነበሩ ሴት ባሰናዱት ምርጫ ነው።

በዚያው ምርጫ ቦርዱ እስክንድር ነጋንና ሌሎች የታሰሩ የባልደራስ ፓርቲ ዕጩዎችን አልመዘግብም ቢል፣ ሰበር ሰሚ ችሎት በግንቦት መዝግብ አለው። እነሱ ግን ገና ያልተፈረደባቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ የተፈረደባቸውንም ታስመርጣለች።

ሹመትማ ከድምፅ ይልቅ ይፈጥናል። በ2002 ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ጄኔራል አሳምነው ጽጌ በ2010 ተፈትተው፣ በ2011 ባሕር ዳር ላይ የአማራ ክልልን ጸጥታ ይመሩ ነበር። በዚያው ዓመት የሰኔ 15ቱን የባሕር ዳር ባለሥልጣናት ግድያ አንባቢ ያውቀዋል።

ስም ለሌለው ሰው የቀረው መንገድ ሕጉ መሰየም የሚለው ነው። ጽኑ እሥራት ከጨረሰ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት 2 ዓመት ያለፈው፣ ጠባዩን ያሳመረና በአቅሙ ጉዳቱን የካሰ ሰው ለፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ከተሳካለት መብቱ ይመለሳል፣ መዝገቡም ይፋቃል። ችግሩ አቤቱታው በራሱ አለመምጣቱ ነው፤ ለዘጌ ቡና ለቃሚ ወይም ለጣና ዓሣ አጥማጅ ማን ይጽፍለታል? ፓርቲ የለው፣ ጠበቃ የለው። ቢያንስ የፍርዱን ግልባጭ አውጥታችሁ አስነብቡለት፤ መብቱ ተሽሯል የሚል ቃል ከሌለበት፣ ድምፁን ዳኛ አልወሰደበትም።